ሄዶ አያውቅም

ከአማርኛ የአሉታ አነጋገሮች መካከል ሕዝቡ ከማለዳ እስከ ማታ በአፉ ሲያመላልሰው የሚውለው፣ ነገር ግን ቆም ብሎ የሚያደንቅለት ሰው እምብዛም ያላገኘው፣ በቦዝ አንቀጽ ተጀምሮ በ‹‹አያውቅም›› የሚታሠረው አነጋገር ነው። ‹‹ሄዶ አያውቅም››፣ ‹‹ቀምሳ አታውቅም››፣ ‹‹ሰምቼ አላውቅም›› ስንል፣ ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እስከምንናገርባት ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አለመደረጉን መናገራችን ነው። ስለ አሠራሩ ብዙ አላትትም፤ ቦዙና ማሠሪያው ባለቤታቸው አንድ ስለ ሆነ ሄጄ ያለ አላውቅም፣ ሄደው ያለ አያውቁም ይላል።

ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ቋንቋውን በትምህርት የሚይዙ የውጭ አገር ሰዎች፣ ‹‹አያውቅም›› የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነገሩ ሁሉ የዕውቀት ነገር ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የጋይንት ገበሬ አዝመራው በአውድማ ላይ ሳለ ሰማዩ ሲጠቁርበት ‹‹በኅዳር እንዲህ ዘንቦ አያውቅም›› ቢል፣ ዝናሙን አላዋቂ ብሎ መስደቡ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ከዚህም የጠራ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ‹‹ው›› የምትባለው ትንሽ ምዕላድ የምትቀመጥበትን ስፍራ ይመልከት። ‹‹ሰውየውን አላውቀውም›› ስል ምዕላዷ በማወቅ ላይ ትወድቃለች፤ የማላውቀው ሰውየውን ነውና። ‹‹ሰውየውን አይቼው አላውቅም›› ስል ግን ወደ ቦዙ ትሸሻለች፤ ማወቅ ተሳቢ አጥቶ፣ የራሱን ምሥጢር ትቶ፣ ለማየት አገልጋይ ሆኗልና። ስሙን፣ አባቱን፣ አገሩን አጥርቼ የማውቀውን ሰው ‹‹አይቼው አላውቅም›› ለማለት የምችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማወቅ ወደ ቀደመ ክብሩ እንዲመለስ የሚወድ ሰው ቦዙን አንሥቶ በስፍራው ንዑስ አንቀጽ ማግባት ብቻ ይበቃዋል። በበሽሎ ዳር ያደገ የስማዳ ልጅ መዋኘት ያውቅ ይሆናል፤ ጣና ውስጥ ግን ዋኝቶ አያውቅም። ‹‹መዋኘት አያውቅም›› የችሎታ ነገር ነው፤ ‹‹ዋኝቶ አያውቅም›› ግን የታሪክ ነገር ነው። ‹‹መዋሸት አያውቅም›› ሲባልም ሰውየው በተፈጥሮው ሐሰት የማይሆንለት የዋህ መሆኑ ይመሰገናል፤ ‹‹ዋሽቶ አያውቅም›› የተባለው ግን መዋሸቱን እየቻለበት እስከ ዛሬ ራሱን የጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ብጠየቅ ሁለተኛውን ይበልጥ አከብራለሁ።

‹‹አልሄደም››ን ከ‹‹ሄዶ አያውቅም›› ለይቶ አለመናገርም ከቸልተኝነት የሚመጣ ጥፋት ነው። ‹‹አልሄደም›› የታወቀ ቀጠሮን፣ የታወቀ ዕለትን ይመለከታል፤ ‹‹ሄዶ አያውቅም›› ዕድሜን ሁሉ ይጠቀልላል። በአንድ ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ፣ ጸሐፊው አንዲትን እናት ‹‹ይህን መድኃኒት አልወሰዱም?›› ብሎ ቢጠይቃቸው፣ እሳቸው የዛሬውን ጧት አስበው ‹‹አልወሰድሁም›› አሉት፤ እሱም ከነጭራሹ እንዳልጀመሩት አድርጎ መዝግቦ አሰናበታቸው። ‹‹ወስደው ያውቃሉ?›› ቢል ምን ነበረበት? የእንግሊዝን ፊልም ወደ አማርኛ የሚመልሱትም እንደዚሁ ናቸው፤ እንግሊዞች ‹‹አለኝ›› የሚለውን ግሥ ረዳት አድርገው የሚሉትን ነገር፣ እኛ በማወቅ የምንለው መሆኑን ዘንግተው፣ ‹‹በጭራሽ አልሄድኩም›› እያሉ ያናግሩናል።

በልሳነ ግእዝ ይህ አነጋገር የለም፤ ሊቃውንቱ በግሡ ላይ ‹‹ኢ››ን ጨምረው፣ ‹‹ግሙራ›› በሚለው ቃል ያጸኑታል። በወገዳ ከተማ ያገኘኋቸውን አንድ የቅኔ መምህር ስለዚሁ ለማነጋገር ፈልጌ፣ ጨዋታውን ለመክፈት ያህል ‹‹የኔታ፣ ዙር አምባን ተሳልመው ያውቃሉ?›› ብላቸው፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት መሆኑን ዘንግቼ የጠየቅሁ መስሏቸው ገልመጥ አደረጉኝና ‹‹ተምሬበታለሁ እንጂ!›› አሉኝ። ጥያቄው በማወቅ ሲቀርብ መልሱ ያለ ማወቅ መምጣቱን ልብ ይሏል። ‹‹ተሳልሜ አውቃለሁ›› ማለት ነውር ባይሆንም፣ አዎንታው በጥያቄ ካልሆነ በቀር ብዙ አይነገርም፤ የዚህ አነጋገር መንበሩ አሉታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን ተደራጊውን ነው። ቦዙ ተደራጊ ሲሆን ማሠሪያው በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ ‹‹ታይቶ አያውቅም›› ይባላል፣ ‹‹ታይቶ አይታወቅም››ም ይባላል። በመጀመሪያው የሚነገርለት ነገሩ ራሱ ነው። በሁለተኛው ግን ማወቅ ቀድሞ የተነጠቀውን ምሥጢር መልሶ ያገኛል፤ ‹‹ማየቱን የሚያውቅ ሰው የለም›› እንደ ማለት ይሆናልና፣ የሽማግሌ ሁሉ ትዝታ ለምስክርነት ይጠራበታል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንኰራኵር አልፎበት በማይታወቅ ገደል ላይ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት በኩል ተጓዙ ቢባል፣ ቃሉ በስፍራው ነው፤ የጨጨሆን ቁልቁለት ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ዛሬ ግን ዜና ጸሐፊዎቻችን ‹‹ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ›› የሚለውን ሐረግ ለአዝመራውም፣ ለዋጋ መናሩም፣ ለበዓሉም ድምቀት አንድ አድርገው ያድሉታል። አምና ታይቶ በማይታወቅ ድምቀት የተከበረው በዓል ዘንድሮም ታይቶ በማይታወቅ ድምቀት ከተከበረ፣ ከሁለቱ አንዱ ታይቶ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ይኸውም አሉታ በአሉታ ላይ ሲደረብ የሚሆነው ነው። ቦዝ አንቀጽ ለራሱ የአሉታ መልክ ስለሌለው፣ ‹‹ሳይ›› የሚለው አነጋገር ይወከልለታል። የጨጨሆን መንገድ የለመደ መንገደኛ ‹‹መድኃኔ ዓለምን ሳልሳለም አልፌ አላውቅም›› ሲል፣ ሁለቱ አሉታዎች ተጣልተው ይፈርሱና ‹‹ሁልጊዜ ተሳልሜ አልፋለሁ›› ከሚለው የበረታ አዎንታ ይወጣቸዋል። የበረታበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ‹‹ሁልጊዜ›› የሚል ሰው አንድ ሁለት ቀን ቢጎድልበት ማንም አይከሰውም፤ ‹‹ሳልሳለም አልፌ አላውቅም›› ያለውን ግን አንዲት የዝናም ቀን፣ አንድ የቸኮለ ሾፌር ሐሰተኛ ያደርገዋል።