ተጨማሪ መረጃ፦ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተሻገሩ አንበሶች

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኞች በጋሻቸው ላይ የየራሳቸውን ምልክት መሳል ጀመሩ። ምልክቱ ከባለቤቱ ጋር አልተቀበረም፤ ልጆች ወረሱት። እ.ኤ.አ. በ1151 የሞተው የፈረንሳዩ አንዡ ግዛት ገዥ ጆፍሪ በመታሰቢያ ምስሉ ላይ የወርቅ አንበሶች ያሉበት ሰማያዊ ጋሻ ይዟል። በ1226 የሞተው የልጅ ልጁ ዊሊያም ሎንግስፔም በእንግሊዝ ሳልዝበሪ ካቴድራል ባለው መቃብሩ ላይ እነዚያኑ አንበሶች እንደያዘ ተቀርጿል። ዊሊያም የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ 2ኛ ልጅ ቢሆንም የተወለደው ከጋብቻ ውጭ ነው፤ የአያቱን አርማ መያዙ ይበልጥ የሚያስደንቀውም ለዚህ ነው።

በኋላ እንግሊዞች አንድ አርማ የወረሱ ወንድማማቾችን የሚለዩበት ሥርዓት አበጁ። የበኩር ልጅ አባቱ በሕይወት እስካለ ድረስ በአርማው ላይ ሦስት ዘለላ የተንጠለጠለበት አግድም መስመር ይጨምራል፤ ሁለተኛው ልጅ ግማሽ ጨረቃ፣ ሦስተኛው ኮከብ።