“አረሰ” የማን ዘመድ ነው? የቋንቋዎች ዝምድና ከእብናት ማሳ እስከ አውሮፓ

እብናት፦ የእብናት ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ላይ የሚውልበትን ሥራ የሚገልጸው “አረሰ” በሚለው ቃል ነው። በጥንቷ ሮም ይነገር በነበረው በላቲን ቋንቋ ማረስ “አራሬ” ይባላል። በሜዲትራንያን ባሕር መካከል የምትገኘው የማልታ ደሴት ገበሬ ደግሞ “ሐረት” ይላል፤ አረሰ ማለቱ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የአማርኛው “አረሰ” ዘመድ የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ካቀረብሁላቸው ሰዎች አብዛኞቹ የመረጡት የላቲኑን ነው። “አረሰ” እና “አራሬ” ለጆሮ መንትያ ይመስላሉና አይፈረድባቸውም። ትክክለኛው መልስ ግን የማልታው “ሐረት” ነው። የላቲኑ መመሳሰል አጋጣሚ ነው።

በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ገብስንና ስንዴን በቡቃያነታቸው መለየት ተምረን ነበር። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ቀረብ ብሎ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ የተመለከተ ሰው ግን ጆሮ መሰል ነገር ያገኛል፤ የገብሱ ረዘም ብሎ አገዳውን አቅፎ ይይዛል፣ የስንዴው አጭርና ጠጉራም ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሁለት ቃላትን መልክ ተመልክተው አይፈርዱም፤ በብዙ ቃላት ላይ ሳይዛነፍ የሚደጋገም ምልክት ይፈልጋሉ።

ምልክቱን በ“አረሰ” ላይ እንየው። ግእዝ “ሐረሰ” ይላል፤ ትግርኛም “ሓረሰ” ይላል። አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጣውን የ“ሐ” ድምፅ ጥሎ “አረሰ” አለ። ይህን ያደረገው በአንድ ቃል ላይ ብቻ አይደለም፤ የግእዙ “ሐመድ” በአማርኛ አመድ፣ “ሐጺር” አጭር፣ “ኀምስቱ” አምስት ሆኗል። በማልታ ቋንቋ አምስት እስከ ዛሬ “ሐምሳ” ነው። እንግዲህ የአማርኛው “አረሰ” ወደ ላቲኑ “አራሬ” የቀረበው የራሱን የመጀመሪያ ድምፅ ከጣለ በኋላ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ድምፅም እንዲሁ ሥርዓት አለው። አማርኛ ሦስት፣ ስምንት፣ አረሰ በሚልበት ቦታ ዕብራይስጥ ሻሎሽ፣ ሽሞኔ፣ ሐራሽ ይላል። የማልታው ደግሞ ትሊየታ፣ ትሚየንያ፣ ሐረት ነው። በአንዱ “ሰ” የሆነው በሌላው “ሸ”፣ በሦስተኛው “ተ” ሆኖ ይመለሳል። ይህን የመሰለ ሥርዓት በአጋጣሚ አይመጣም፤ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ለተወለዱ ቋንቋዎች የተረፈ ምልክት ነው። ያ የቋንቋ ቤተሰብ ሴማዊ ይባላል። የማልታ ቋንቋ ከዓረብኛ የወጣ ሲሆን በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋዎችም አንዱ ነው። አማርኛ አውሮፓ ውስጥ ዘመድ አለው የምንለው ለዚህ ነው።

አብዛኞቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ግን የሌላ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የቤተሰቡን ነገር በሰፊው ያሳወቀው በሕንድ ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ጆንስ ሲሆን፣ በ1786 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሕንዱ ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆን አለባቸው ሲል ተናገረ። ቤተሰቡ ዛሬ ህንድ-አውሮፓዊ ይባላል። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ሩስኛ፣ ፋርስኛና ሂንዲ ከዚሁ ናቸው። ያዕቆብ ግሪም የተባለው ጀርመናዊ (ከወንድሙ ጋር ተረት በመሰብሰብ የሚታወቀው ሰው ነው) በ1822 የላቲኑ “ፐ” በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ “ፈ” እየሆነ እንደሚገኝ በሥርዓት አሳየ። አባት በላቲን “ፓተር”፣ በእንግሊዝኛ “ፋዘር” ነው። ዓሣም በላቲን “ፒስኪስ”፣ በእንግሊዝኛ “ፊሽ” ይባላል።

ለአራሽ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ቀንበር ነው። ቀንበር በእንግሊዝኛ “ዮክ”፣ በጀርመንኛ “ዮኽ”፣ በላቲን “ዩጉም”፣ በሳንስክሪት “ዩጋ” ይባላል። ቃሉ በሁሉም ዘንድ ሥርዓቱን ጠብቆ መገኘቱ ሕዝቦቹ ሳይለያዩ በፊት በሬ ይጠምዱ እንደነበር ይመሰክራል። ብዙ ሊቃውንት የዚያን ጥንታዊ ቋንቋ አገር ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ባለው፣ ዛሬ ዩክሬንና ደቡብ ሩሲያ በሚባለው ሜዳ ያደርጉታል። ከዛሬዋ ቱርክ ከእርሻ ጋር ተስፋፋ የሚሉም አሉ።

አውሮፓ ውስጥ የሚነገር ሁሉ ግን የዚህ ቤተሰብ አይደለም። ሦስት ቁጥር በእንግሊዝኛ “ስሪ”፣ በሩስኛ “ትሪ”፣ በጣሊያንኛ “ትሬ” ሲሆን በሀንጋሪ “ሃሮም”፣ በፊንላንድ “ኮልሜ” ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ እንጂ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አይዛመዱም። በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር የሚነገረው ባስክ ደግሞ እስካሁን ምንም ዘመድ አልተገኘለትም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የቋንቋ ዝምድና ጥናት ታሪክ ውስጥ አንድ የአማራ ሊቅ አለ፤ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው። በ1652 ወደ ጀርመን፣ ጎታ ቤተ መንግሥት መጥተው ስለ ሀገራቸውና ስለ ቋንቋዋ አስተማሩት። ሉዶልፍ ከእርሳቸው ባገኘው ዕውቀት በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ግእዝ ከዕብራይስጥ፣ ከዓረብኛና ከሱርስት ጋር ያለውን ስምምነትም ጻፈ። ይህ ሁሉ ከጆንስ ንግግር በፊት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያስነሣ ነገር አለ። ግእዝ የአማርኛ እናት ነው እንላለን። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት ግን ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ነው። በዚህ አመዳደብ ግእዝ፣ ትግርኛና ትግረ የሰሜኑ ቅርንጫፍ ሲሆኑ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ሐረሪና የጉራጌ ቋንቋዎች የደቡቡ ናቸው። ከደቡቦቹ አንዱ የነበረው በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጋፋትኛ ጽሑፍ ይዞ ሄዷል፤ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ሲመጣ ያገኘው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተናጋሪዎች ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ አይነገርም።

ከእብናት በስተ ሰሜን ምሥራቅ ዋግ ኽምራ አለ። እዚያ የሚነገረው ኽምጣና አገውኛ ነው፤ የአዊው አዊኛ፣ በጎንደር አካባቢ የነበረው ቅማንትኛና የኤርትራው ብሌን እኅቶቹ ናቸው። አገውኛ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ጋር ከኩሻዊ ወገን ይመደባል። ሴማዊና ኩሻዊ ደግሞ ከጥንታዊ ግብፅኛ፣ ከበርበርና ከሃውሳ ጋር አፍሮ-እስያዊ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ይገናኛሉ። ስለዚህ አገውኛ ለአማርኛ የሩቅ ዘመድ፣ የቅርብ ጎረቤትም ነው።

ጎረቤትነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከአረፍተ ነገር አሠራር ይታያል። ግእዝ በተለመደው ሥርዓቱ ግሡን ያስቀድማል፤ “ሐረሰ ሐራሲ ገራህቶ” ይላል። ዓረብኛም በጥንታዊ ወጉ እንዲሁ ነው። እኛ “ገበሬው ማሳውን አረሰ” ብለን ግሡን መጨረሻ ላይ እናደርጋለን። የኽምጣና ተናጋሪም እንደዚሁ ያደርጋል። “ቁጭ አለ”፣ “ዝም አለ”፣ “ብድግ አለ” የምንላቸውንም ልብ ይሏል። ዝም ያለ ሰው ምንም አላለም፤ “አለ” ግን እንላለን። ይህ አነጋገር በአገውኛም አለ። አማርኛ ገና ሲያድግ ብዙ አገውኛ ተናጋሪ አማርኛን ተቀብሎ የቀድሞ ቋንቋውን አሠራር ይዞ እንደገባ ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ከጣሊያንኛ የወሰድናቸው “መኪና” እና “ፋብሪካ” አማርኛን የጣሊያንኛ ዘመድ አያደርጉትም፤ ቃል በገበያ ይመጣል። የአረፍተ ነገር አሠራር የሚለወጠው ግን ሰዎች ለትውልዶች አብረው ሲኖሩ ነው። “ቋንቋችን ንጹሕ ነው” የሚል ሰው ሲገጥመኝ “ቁጭ በልና እንነጋገር” የምለው ለዚህ ነው፤ ግብዣው ራሱ የአገው አሠራር ነውና።

ቅማንትኛን ዛሬ የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ናቸው፤ ጋፋትኛ የሄደበትን መንገድ ይዟል። ኽምጣና በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ይሰማል። እብናት ገበያ ላይ ግን ከዚያ በኩል የመጣ ሻጭ ለባልንጀራው በኽምጣና ዋጋ ካማከረ በኋላ ወደ ገዢው ሲዞር አማርኛ ይናገራል። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሁለቱንም ይሰማል።