ኮምጣጣው ፖምና የተረሳችው ልጅ

ለማስተርስ ትምህርት እንግሊዝ በገባሁ ሰሞን ከገበያ ትልልቅ አረንጓዴ ፖሞች ገዛሁ። አንዱን ስገምጠው እንደ ሎሚ ኮመጠጠኝ። ቤት ያከራዩኝ አዛውንት ሴት ሳቁና “ይሄ እኮ በስሎ ነው የሚበላው!” አሉኝ። ልጠው ከስኳር ጋር ጣዱት። ብዙም ሳይቆይ እንደ ገንፎ ለሰለሰ፤ ጣዕሙ ግን አልጠፋም።

ፖሙ ብራምሊ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1809 ሳውዝዌል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የተባለች ወጣት የፖም ዘር ዘራች። አንዱ በቅሎ ዛፍ ሆነ። በ1846 ማቲው ብራምሊ የተባለ ሥጋ ሻጭ ቤቱን ከነጓሮው ገዛ። በ1856 ደግሞ ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ዛፉን ለማራባት ቀንበጥ ጠየቀው። ብራምሊ ፈቀደ፤ ነገር ግን “ፖሙ በእኔ ስም ይጠራ” አለ። ሜሪ አን ከዚያ በፊት፣ በ1852 ሞታ ነበር።

ሄንሪ ፍሬውን ወስዶ ዘሩን ለምን አልዘራም? የፖም ዘር የእናቱን ዓይነት ፍሬ አይሰጥም። ዘሩ የሚፈጠረው ከሌላ ፖም በመጣ የአበባ ብናኝ ስለሆነ፣ የሚበቅለው ዛፍ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ያንኑ ፖም ለማግኘት ቀንበጥ ተቆርጦ ሥር ባለው ሌላ የፖም ግንድ ላይ ይቀጠላል፤ እስኪጋጠምም ይታሰራል። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ በእኛ ሥራ ቋንቋ ቀንበጡ ኮፒ ነው። ብራምሊ ሁሉ የመጣው ከሜሪ አን ዛፍ ነው።

ብራምሊ ብቻውን ቢተከል በደንብ አያፈራም። የራሱ ብናኝም ደካማ ስለሆነ ለጎረቤት ዛፍ አይጠቅምም። ስለዚህ ገበሬዎች አብረውት የሚያብቡ ሌሎች ሁለት ዓይነት ፖሞች በአጠገቡ ይተክላሉ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፤ ብራምሊንም ይረዱታል።

የመጀመሪያዋ ዛፍ አርጅታ ሥር በሚያበሰብስ ፈንገስ ተይዛለች። ከእሷ የተቀጠሉት ግን በብዙ እርሻ ያብባሉ።

ይህን ታሪክ የሰማሁ ዕለት ለእናቴ ደወልኩና በጓሯችን ያለውን የኮክ ዛፍ ማን እንደተከለው ጠየቅኳት። እኔ አባቴ ይመስለኝ ነበር።

“አክስትህ ናት እንጂ! ገና ተማሪ ሳለች” አለችኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ኮኩ ሲደርስ ለአክስቴ ደውዬ አመሰገንኳት። እናንተስ? በቤተሰባችሁ ጓሮ ያለውን ዛፍ ማን ተከለው? ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ስሙንም ጻፉት።