ለጀልባ ሞተር ሲንቴቲክ ዘይት መግዛት ያዋጣል ወይ?

በጣና፣ በዝዋይና በጫሞ ሐይቆች ላይ በሞተር ጀልባ የሚሠሩ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ሊመልሱት ከሚገባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከተራው ዘይት በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚሸጠው ሲንቴቲክ ዘይት ለወጣበት ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ይሰጣል ወይ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሰብል ባለሙያ ቢሆንም፣ ጉዳዩ መረቡን ጥሎ ከዳር ርቆ ሳለ ሞተሩ የቆመበትን ሰው ስለሚመለከት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር በሥሩ የተጠራቀመ ዘይት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይገባና የኮሎውን ኩሽኔታና ፒስቶኑን ካለሰለሰ በኋላ ይቃጠላል፤ ያልተቃጠለውም ከጭሱ ጋር ወደ ውኃው ይወጣል። ስለዚህ ዘይቱ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ጥላሸትና አመድ ሳያበዛ መቃጠል ይኖርበታል።

በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ መታየት የሚገባው «ሲንቴቲክ» የሚለው ቃል ሳይሆን በጣሳው ላይ የቲሲ-ደብልዩ3 ምልክት መኖሩ ነው። ይህ ደረጃ በውኃ ለሚቀዘቅዙ የጀልባ ሞተሮች የወጣ ሲሆን፣ አመድ የሚተው ቅመም የሌለበትን ዘይት ያመለክታል። ለሞተር ብስክሌትና ለሞተር መጋዝ የተሠራ ዘይት፣ ሲንቴቲክ ቢሆንም እንኳ፣ ይህ ምልክት ከሌለው ለጀልባ አይሆንም። የመኪና ሞተር ዘይት ደግሞ ካንዴላ ያበላሻል፤ ፋሻም ያጣብቃል።

ሲንቴቲክ ዘይት ጭሱ አነስተኛ ነው፤ በፋሻው ቦይና በጭስ መውጫው ላይ የሚተወውም ጥላሸት ያንሳል። መረብ እየተሳበ ለረዥም ሰዓት በሚኒሞ ለሚሠራ ሞተር ይህ ይጠቅማል። ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭለት ዘመናዊ ሞተር ከሆነም የሠሪው ፋብሪካ ያዘዘውን ዘይት መግዛት ግዴታ ነው። ለተራው ባለ ካርቡራቶር ሞተር ግን ሒሳቡ ይታይ። በቀን 20 ሊትር ቤንዚን እያቃጠለ በዓመት 200 ቀን የሚሠራ ጀልባ 4,000 ሊትር ቤንዚን፣ በ50 ለ1 ድብልቅ 80 ሊትር ዘይት ይፈጃል። ሲንቴቲኩ እጥፍ ዋጋ ካለው ማኅበሩ በየዓመቱ የ80 ሊትር ተራ ዘይት ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከፋሻ፣ ከጓርኒሲዮንና ከካንዴላ መለወጫ ወጪ ጋር ይነጻጸር። በእኛ አስተያየት ምልክቱ ያለበት ተራ ዘይት ለአብዛኞቹ ማኅበራት ይበቃል።

አንድ ማኅበር ውዱን ዘይት ከገዛ በኋላ «ጥሩ ዘይት ስለሆነ ጥቂት ይበቃዋል» በሚል መጠኑን በግማሽ ቀንሶ ፒስቶኑ ተጭሮ ለማየት ችለናል። ሲንቴቲክ መሆኑ የድብልቁን መጠን አይለውጥም።

የጣና አስጋሪዎች ሌላም ችግር አለባቸው። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ይሳሳል፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛና ጥላሸት ያከማቻል። ይህን ዘይት አያድነውም። በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ ይገባል፤ ሞተሩ ከከበደውም አነስ ያለ ፕሮፔለር ይደረግለታል።

ድብልቁ በግምት አይሠራ። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ አንድ ሙሉ ዘይት ለ15 ሊትር ቤንዚን ልክ ነው። በመጀመሪያ ዘይቱ ከጥቂት ቤንዚን ጋር ተጨምሮ በደንብ ይናጥ፤ ከዚያ የቀረው ይሞላ። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አብዛኛውን ጊዜ 25 ለ1 ስለሚፈልግ፣ ለዚያው 15 ሊትር ሁለት ጠርሙስ ይገባል። የራሱ የዘይት ጋን ያለው ሞተር ከሆነ ግን መመሪያው ይታይ።