የወደቀ ሰው በየት በኩል ይመለሳል? ኃጢአት፣ ቅድስናና ጸጋ በዕለት ኑሮ

በኦርቶዶክስና በጴንጤ ወዳጆች መካከል ቡና ላይ ሳይቀር የሚነሣው ክርክር የታወቀ ነው፤ ሰው የሚድነው በሥራው ነው ወይስ በእምነቱ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሊቃውንትም ዕድሜያቸውን ፈጅተውበታል። ሆኖም ኃጢአትና ጸጋ በቤት፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስሉ ለሚመረምር ሰው ይህ ክርክር ብዙም አይረዳውም። ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ መሆኑንም ሆነ ያለ እግዚአብሔር ቸርነት የሚድን እንደሌለ ሁለቱም ወገኖች ይቀበላሉ። የሚለያዩት የወደቀው በየት በኩል ይመለሳል፣ ማን ይቀበለዋል፣ ምንስ ይጠየቃል በሚለው ላይ ነው። እኔ የምለው፣ አንድ ማኅበረ ምእመናን ስለ ጸጋ የሚያምነው ነገር የሚታወቀው ባበጀው የመመለሻ መንገድ ነው።

ጉዳዩ ጥንታዊ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ፣ ሽፍታ የነበረው ሙሴ ጸሊም በአንድ ወንድም ጥፋት ላይ ለመፍረድ ወደ ተሰበሰቡት አባቶች ተጠርቶ የሄደው ቀዳዳ ዕቃ ተሸክሞ ነው። የያዘው ከኋላው እየፈሰሰ ሲያዩ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቁት፤ የራሱ ኃጢአት ሳያየው ከኋላው እየፈሰሰ በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነሱም ወንድሙን ማሩት። ሙሴ ያ ሰው አላጠፋም አላለም። ኃጢአቱን ሳያቃልል የፈራጁን ወንበር ብቻ አነሣ። በ7ኛው መቶ ዓመት የኖረው ማር ይስሐቅም የራስን ኃጢአት ማወቅን ከተአምራት በላይ ያደርገዋል። መጽሐፉ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ እስከ ዛሬ በአንድምታ ይተረጎማል። የመነኮሳት ነገር ለባለ ትዳር ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ በቤተ ክህነቱ ትምህርት ያደገው ካህን ወደ ምእመናን ቤት ሲገባ ይዞት የሚሄደው ይህንኑ አመለካከት ነው።

ከመነኮሳቱ መጽሐፍ ይልቅ ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ግን በተአምረ ማርያም የሚተረከው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው በድንግል ማርያም ስም ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ነፍሱ በተመዘነች ጊዜም ውኃው አመዘነ። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ሲነገር ያልሰማ ጥቂት ነው። ወንጌላውያን ክብሩ ለክርስቶስ ብቻ መሆን ነበረበት ብለው ይቃወሙታል፤ ሌሎችም ታሪኩ ወንጀልን ያቀልላል ይላሉ። ለኔ ሚዛኑ እዚያ የገባው ሒሳብ እንዲሠራ አይመስለኝም፤ ጥርኝ ውኃ 78 ነፍስ የሚመዝንበት ሚዛን ራሱ ሒሳብን የሚያፈርስ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያለው ባሪያም የ10,000 መክሊት ዕዳ ተምሮለት በ100 ዲናር ባልንጀራውን ያነቀ ነው፤ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር፣ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበርና ልዩነቱ ስድስት መቶ ሺህ እጥፍ ነው። አንድ ተቃውሞ ግን መልስ አላገኘሁለትም፤ ስለ ተበሉት ሰዎች ታሪኩ የሚለው ነገር የለም።

ወደ ዕለት ኑሮው ስንመጣ ጾም ይቀድማል፤ ለምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ይደርሳል ይባላል። ይህ ሕግ አጥባቂነት ነው የሚሉ አሉ፤ ጾመኛ ሐሜተኛም ስለሚገኝ ነቀፌታው መሠረት አለው። እኔን ግን ከጾሙ በላይ የሚያሳስበኝ ቁርባኑ ነው። ቅዳሴው ሊፈጸም ሲል ወደ ሥጋ ወደሙ የሚቀርቡትን ልብ ብሎ ያየ ሰው በብዛት የሚያገኘው ሕፃናትን፣ ዲያቆናትን፣ መነኮሳትንና አረጋውያንን ነው። ጎልማሳው ከዳር ቆሟል፤ ትዳሩ በቁርባን ያልተፈጸመ ነው፣ ወይም እንደማልበቃ አውቃለሁ ይላል። ፍርሃቱ ከንቀት የመጣ ስላልሆነ ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን ቅድስና እንዲህ በርቀት ብቻ ሲጠበቅ፣ መድኃኒቱ ለዳኑት ብቻ የቀረ ይሆናል። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ወጣቱ ንስሐ አባት ይዞ እንዲቆርብ መወትወታቸው ይህንኑ ክፍተት በማየት ነው። መንገዱ ቀድሞም ነበር፤ ንስሐ አባቱ ቤት ይመጣል፣ ያዳምጣል፣ እንደ ሰውየው አቅም ስግደት፣ ጾም ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጣል፣ ይፈታዋል።

በወንጌላውያኑ ወገንም ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አንቀጾች መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው የአማኝ ሕይወት በሙሉ ንስሐ መሆን እንዳለበት ነው። በ1534 እ.ኤ.አ. ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ሄዶ ከሉተር ጋር ሲወያይ በብዙ ነገር መስማማታቸው ላያስገርም ይችላል። ወንጌላውያኑ ካህኑን ከመካከል ቢያወጡም መንገዱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ያጠፋው ከጌታ እራት ይታገዳል፣ ተመልሶም ይቀላቀላል። ጸጋ በነጻ ከሆነ ማን ይጠነቀቃል የሚለው ተቃውሞ በጳውሎስ ዘመንም ነበር፤ በሮሜ ምዕራፍ 6 የሚመልሰው እሱን ነው። ጀርመናዊው የሉተራን መጋቢ ቦንሆፈርም በ1937 እ.ኤ.አ. ርካሽ ጸጋ ያለውን የተቃወመው የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን እያየ ነው።

የሁሉም መንገድ የሚፈተነው ግን ሌላው ሰው የተበደለ ጊዜ ነው። ዘኬዎስ ካታለለው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል የሚመልስለትን ሰው ያውቀዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጉዲና ቱምሳ ሥጋዊውና መንፈሳዊው የሰው ፍላጎት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አጥብቀው ተከራክረዋል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1972 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጽፋለች። ክርክሩ ለዛሬ መሥሪያ ቤትም ይሠራል። የሠራተኛዋን ደመወዝ የከለከለ ሰው የሚመልስላት እሷ አለች። ለዓመታት ፋይል እያዘገየ ጉቦ የበላ ጸሐፊ ግን ንስሐ ሲገባ ለማን ይመልሳል? ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለድኻ እንዲመጸውት ነው፤ ፋይሉ የዘገየበት ሰው ያጣውን ጊዜ ግን ምጽዋቱ አይመልስለትም፤ ለዚህ ዓይነቱ በደል የሚሆን ቀኖና እስካሁን በየትኛውም ወገን በቅጡ አልተሠራም።