ከመንጠቅ በፊት መጠየቅ

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ በብዙ የከተማ ቤቶች ትምህርቱ በቴሌግራም ይላክ ስለ ነበር፥ ስልክ እንደ ደብተር ሆኖ በልጆች እጅ ገባ። ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱም በኋላ ከእጃቸው አልወጣም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አባት የ11 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ልጁ በክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋና ራሱን እንደሚያመው መምህሩ አስታውቀዋቸው ነበር። አባትየው ሁለት ጊዜ ስልኩን ነጥቀው ገርፈውታል፤ ልጁ ግን ከብርድ ልብስ ሥር መደበቅን እንጂ መተውን አልተማረም። እኛም እንዳይቆጡ ለምነን፥ «ልጄ፥ በስልኩ ውስጥ ደስ የሚያሰኝህ ምንድን ነው? የሚያስፈራህስ ነገር አለ?» ብለው እንዲጠይቁት አደረግን። ልጁ አቀርቅሮ ከቆየ በኋላ፥ «አባባ፥ የማይመቱኝ ከሆነ እነግርዎታለሁ» አለ።

ለካስ አንድ የማያውቀው ሰው በጨዋታው ውስጥ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ፥ «ፎቶግራፍህን ላክልኝ፥ ለአባትህም አትንገር» እያለ ያስጨንቀው ኖሯል። እንቅልፉን የወሰደበት ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱም ነበር። ዱላውም ምሥጢሩን ይበልጥ ዘጋው። አባትየው መልእክቱን ሳይደመስሱ ለፖሊስ አሳዩ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በስልክና በቴሌቪዥን ፊት እንዳይቀመጡ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፉ ይመክራል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። የስልክ ብርሃን በሌሊት ሲበዛ፥ ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያዘገያል። በየቀኑ ከቤት ውጭ በፀሐይ ብርሃን መጫወትም ዓይን ሩቅ ማየት እንዳይሳነው ይረዳል።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ልጅን አይጠብቅም። ደንቡን ከልጁ ጋር ተወያይቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ልጅ አሳቡን የሰጠበትን ደንብ ከታዘዘው ይልቅ ያከብራልና። በገበታ ዙሪያ የማንም ስልክ አይገኝ፤ ከመኝታ 1 ሰዓት በፊትም የቤተ ሰቡ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይቀመጥ። ወላጅ ራሱ ያልጠበቀውን ደንብ ከልጁ ሊጠይቅ አይችልም።

መምህራን ሆይ፥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስታዩ፥ ከመቅጣታችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ጠይቁት። የዚያ ልጅ ስልክ ዛሬ ሳሎን ያድራል፤ የአባትየውም ስልክ ከጎኑ።