ከአያት እስከ ኢጃጂ፦ የባቡር ጣቢያ መሬት ትርፉ ለማን ነው?

ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለተኛው መስመር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው፣ ሥራ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 2፣ በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው ጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። አንዱ ወሬ የትራንስፖርት፣ ሌላው የፖለቲካ ተብሎ በየፋይሉ ተቀመጠ። እኔ ግን ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም። ከተማ ሲያድግ፣ ሐዲድም ሲዘረጋ፣ መጀመሪያ የሚወደደው መሬት ነው። ያ ጭማሪ የማን ኪስ ይገባል የሚለው ጥያቄ በባቡሩ መስመር ላይ ባለው ሲኤምሲ ሳይጠየቅ አለፈ፤ ጊንጪ ላይ ደም አፋሰሰ።

በባቡሩ ሒሳብ እንጀምር። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ሲሆን ቀሪውን መንግሥት ሸፍኗል። ሥራው በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር አንድ ዶላር 17 ብር ገደማ ነበር። መንገደኛ መጫን ሲጀምር ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆነ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። በሁለት ብር ትኬት የዶላር ዕዳም ሆነ የውጭ መለዋወጫ መክፈል እንደማይቻል ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው የቆሙት በዚሁ ነው። ባቡሩን አልወቅስም፤ ያለ ድጎማ ከትኬት ብቻ የሚኖር የከተማ ባቡር በዓለምም ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በሌላ ገቢ ነው።

ያ ሌላ ገቢ የት እንዳለ ለማየት ሲኤምሲ መውረድ ይበቃል። ሐዲዱ በሰፊው አስፋልት መሐል፣ ግራና ቀኙ ታጥሮ ያልፋል። ጣቢያው መድረክና ጣሪያ ነው፤ ትኬቱ ከትንሽ ኪዮስክ ይሸጣል። የወረደው ሰው መኪና የሚበርበትን መንገድ ተሻግሮ ነው ሰፈር የሚያገኘው። በክረምት እሸት በቆሎ የሚጠብሱት እናቶችና ሶፍትና ማስቲካ የያዙት ልጆች፣ በጣቢያው ምክንያት ከመጣው ሰው የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ፤ እነሱም ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሮጣሉ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ደላላው ቤት ሲያሳይህ ለባቡሩ ያለውን ቅርበት አስቀድሞ ይነግርሃል፤ ቅርበቱን ዋጋው ውስጥ አስገብቶታልና። ያንን ቅርበት የፈጠረው የሕዝብ ብድር ነው። በቆሎ ጠባሿን የሚያሯሩጠው ሥርዓት ከባለ ሕንፃው ስለ ቅርበቱ ሳንቲም አይጠይቅም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ጭማሪ ለመሰብሰብ ከኢትዮጵያ መንግሥት የበለጠ የተመቻቸ መንግሥት ብዙ አይገኝም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ሌላው አገር ጣቢያ ለመሥራት መሬት ከባለቤቱ መግዛት አለበት፤ እኛ ዘንድ በወረቀት ደረጃ መሬቱ ቀድሞም የሕዝብ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?

መልሱ አሰልቺ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ሐዲዱን የዘረጋውና ሲጀመር ዕዳውን የተሸከመው የፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። መሬቱን የሚያጫርተው የከተማው አስተዳደር ነው። የሊዝ ገንዘቡ በከተማው ካዝና ገብቶ ለሌላ ሥራ ይውላል እንጂ የባቡሩን ብድር እንዲከፍል የሚያስገድደው ነገር የለም። ሁለተኛው ችግር የሊዙ አሠራር ራሱ ነው። በአዋጅ 721/2004 መሠረት ዋጋው የሚቆረጠው በጨረታው ቀን ነው፤ በአዲስ አበባ የንግድ ቦታ ውል እስከ 60 ዓመት ይሄዳል። እንበልና አንድ ቦታ ሐዲዱ ሳይመጣ በካሬ 2,000 ብር ተጫረተ፤ ባቡሩ ሲመጣ 6,000 አወጣ። የ4,000 ብሩ ልዩነት ለስድሳ ዓመት የባለ ውሉ ነው። መንግሥት ይህን ሊያገኝ የሚችለው ከጣቢያው አጠገብ ያለውን መሬት ይዞ ቆይቶ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ሲያጫርት፣ ወይም በየዓመቱ ከዋጋው ጋር የሚያድግ ግብር ሲጥል ነው። የንብረት ታክስ አዋጁ በፌዴራሉ ምክር ቤት የጸደቀው ጥር 2017 ላይ ነው፤ ባቡሩ ከጀመረ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ገበያው ግን አልጠበቀም፦ ገና በ2007 ዓ.ም. መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ 305 ሺህ ብር የሰጠ ተጫራች ከተማውን አስደንግጦ ነበር።

ነገሩን በቅጡ የሠሩት ጃፓኖችና ሆንግ ኮንጎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1910 ኮባያሺ ኢቺዞ የተባለው ነጋዴ ከኦሳካ ወደ ገጠር የሚሄድ መስመር ሲከፍት፣ በመስመሩ ዳር መሬት ቀድሞ ገዝቶ ቤት ሠራና ለደመወዝተኛው በረጅም ጊዜ ክፍያ ሸጠ። በ1929 ደግሞ በመነሻ ጣቢያው ላይ ትልቅ መደብር ከፈተ። ቤት የገዛው ሰው ጠዋት በእሱ ባቡር ይሄዳል፣ ማታ ከእሱ መደብር ይሸምታል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ መንግሥት ለባቡር ድርጅቱ በጣቢያው ላይና ዙሪያ የመገንባት መብት የሚሰጠው ባቡር ከመምጣቱ በፊት ባለው ዋጋ ነው። ድርጅቱ ከግንበኞች ጋር ተሻርኮ ቤት፣ ሱቅና ቢሮ አንድ ላይ ይሠራል፤ ከትርፉም ሐዲድ ይዘረጋል።

እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ታች ሜዳው ላይ ሲቆም፣ የባቡር ኩባንያው የከዚራን ሰፈር በቀጥታ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ቀየሰ፤ ጣቢያው፣ ጋራዡ፣ የሠራተኛው መኖሪያ በአንድ ሰፈር ሆነ። ይህን ስል ያንን ኩባንያ ማሞገሴ አይደለም፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ላይ የሰፈረው የአገሬው ሰው ያንን ቅየሳ አላገኘም። ጣቢያ ሰፈር እንደሚወልድ ግን ከመቶ ዓመት በላይ እናውቃለን። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የለገሐሩ የአሮጌው ባቡር ግቢ ኅዳር 2011 ላይ 50 ቢሊዮን ብር ይፈጃል ለተባለው የኤግል ሂልስ ኩባንያ የቤት፣ የሆቴልና የንግድ መንደር ተመረጠ። 36 ሄክታር መሬት፣ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በሚገናኙበት አካባቢ፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከተማዋ የላትም። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ቦታ ከሚገኘው ጥቅም ለአጠገቡ ለሚያልፈው ባቡር ስንት ተቆርጦለታል የሚለውን ነው። የቅንጦት አፓርታማ ገዢ በባቡር እንደማይሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቢያንስ ለባቡሩ ይክፈል።

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በነደፈው የአገር ካርታ ላይ አንድ መስመር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኢጃጂ ይደርሳል፤ ከዚያ አንዱ ወደ ጅማና ዲማ፣ ሌላው ወደ ነቀምት፣ አሶሳና ኩርሙክ ይከፈላል። ኢጃጂን በነቀምት መንገድ ያለፈ ሰው ያውቃታል፦ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በካርታው ላይ ግን የሁለት ሐዲድ መገናኛ፣ የነገ ድሬዳዋ ነበረች። ሐዲዱ አልመጣም።

የመጣው ሌላ ፕላን ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ልማት ፕላን፣ ሰው በአጭሩ ማስተር ፕላን የሚለው፣ መንገድን፣ ኢንዱስትሪንና መኖሪያን አንድ ላይ አቅዶ ነበር። የከተማ ፕላን ባለሙያ ካየው የሚነቅፈው ያህል የሚያደንቀው ያገኛል። አምቦ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ሚያዝያ 2006 ተማሪዎቿ ወጡ፤ ወጣቶች ተገደሉ። በዓመት ከመንፈቅ ጊንጪ ቀጠለች፤ እዚያ ነገሩን የጫረው አንድ የትምህርት ቤት ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ተሰጠ መባሉ ነበር። ጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ። ተማሪዎቹ የተቃወሙት ካርታ ላይ ያለውን መስመር ብቻ ይመስለን ነበር፤ የወላጆቻቸው ቂም ግን የካሳ ሒሳብ ነበረበት።

ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ 455/1997 ለገበሬው የሚከፍለው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በዓመት ቆጥሮ በአሥር አባዝቶ ነው። የሚቆጠረው ጤፉና ስንዴው ነው። ማሳው ከአስፋልት ሃምሳ ሜትር ላይ ይሁን አምስት ኪሎ ሜትር ላይ፣ የወደፊት መናኸሪያ ይሁን ጣቢያ፣ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ማሳው በማግስቱ በካሬ ሜትር ለጨረታ ይቀርባል፤ በጤፍ ዋጋ የተነሳው ገበሬም የጨረታውን ውጤት ጋዜጣ ላይ ያነባል። አዋጅ 1161/2011 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎ ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛውን ገቢ እንዲይዝ አዘዘ፤ ባለ ይዞታውም በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረገ። መልካም ለውጥ ነው። ነገር ግን ቅድሚያ ያለ ገንዘብ ምን ያደርጋል? ባለ ሦስት ፎቅ የሚያስገነባ ብድር ለገበሬ የሚሰጥ ባንክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በአምቦና በወሊሶ መካከል ወዳለው የወንጪ ሐይቅ ባቡር አይመጣም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው አፋፍ ሐዲድ የሚያስብ የለም። ሒሳቡ ግን ያው ነው። በአንድ ሰው እስከ 10 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት የእራት መዋጮ፣ «ገበታ ለሀገር»፣ ሎጅና መንገድ አመጣለት፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አለው። ለግንባታው ገንዘብ መገኘቱ ተነግሯል፣ ሎጁም ተመርቋል። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያልፈው መንገድ ዳር ቦታ ሲወደድ ግን ፈረስ አከራዩ ከጭማሪው የሚደርሰው በየትኛው ውል እንደሆነ ከምረቃው ንግግሮች ጋር አልተነገረም።

የሚሠራ መንገድ አለ ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ ሕግም ብዙ አይፈልግም። የመሬቱ ባለ ይዞታዎች መሬታቸውን እንደ አክሲዮን ያስገቡ፤ ክልሉ መሠረተ ልማቱን፣ ባቡሩ ወይም የመንገድ ተቋሙ ጣቢያውን ያዋጣ። ሱቅና መኖሪያ ሲከራይ ድርሻ በየዓመቱ ይከፋፈል፤ ከፊሉ ለትራንስፖርቱ ማስኬጃ ይቆረጥ። ከተሞቻችን በጨረታ ቀን የሚገኘውን ትልቅ ገንዘብ ስለለመዱት ይህ አይጥማቸውም፤ የዓመት ኪራይ ለምርጫ ዘመን አይደርስም። ኢጃጂ ላይ ሐዲድ ሳይኖር ስለ ሐዲድ መሬት መነጋገር የቀን ሕልም ነው የሚሉኝ አሉ። መሬቱ በርካሽ የሚገኘው ግን ሐዲዱ ሳይመጣ ነው። ደግሞም ባቡሩ ጨርሶ ባይመጣ እንኳ፣ የመናኸሪያው፣ የአስፋልቱና የኮሪደር ልማቱ ዳር መሬት ዛሬም በዚያው በጤፍ ሒሳብ እየተነሳ፣ በካሬ እየተጫረተ ነው።